ገጠር ቤት ልትሠሩ ላሰባችሁ ልጆች

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ብዙዎቻችሁ ከድሬ ወይም ከሐረር ወጣ ብላችሁ በቤተሰብ ይዞታ ላይ ቤት ለመሥራት እንደምታስቡ እሰማለሁ። በጣም ደስ ይለኛል። ዕድሜዬ ያለቀው ቤት በመንደፍና በማሠራት ነው፤ የማውቀውን ላካፍላችሁ። በቅድሚያ ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችሁትን የቪላ ፎቶ ለጊዜው ተዉት። ያ ቤት ለሌላ አየርና ለሌላ አፈር የተሠራ ነው።

ንድፍ የሚጀመረው በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቦታው ድረስ ሂዱ። ዝናቡ እየወረደ ቆማችሁ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በየት እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚተኛ እዩ። ከዚያ የአካባቢውን አዛውንቶች «ጎርፉ እስከየት ወጥቶ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ድሬ ያደገ ሰው ለምን እንዲህ እንደምል ይገባዋል። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው፤ ስለዚህ እናንተ ሰማዩ ጠርቷል ብላችሁ በተኛችሁበት ሌሊት ጎርፉ ደጃፋችሁ ሊደርስ ይችላል። ደረቅ አሸዋ አይታችሁ «ለጥ ያለ ሜዳ አገኘን» አትበሉ። ያ የውሃው መንገድ ነው፤ ዓመት ቆይቶም ቢሆን ይመለስበታል።

ሌላው ነገር፣ ምርጡን መሬት ለቤት አትስጡ። አፈሩ ጥቁርና ወፍራም የሆነበት ቦታ ለቡናው፣ ለማንጎው፣ ለጎመኑ ይቅር። ቤቱ ድንጋያማውና ምንም የማይበቅልበት ጥግ ላይ ይረፍ፤ እንዲያውም መሠረቱ እዚያ ይጠነክራል። ተዳፋት ከሆነ ዶዘር አስገብታችሁ አትደልድሉት። ቤቱን በደረጃ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ከተዳፋቱ ጋር አስማሙት፣ ከላይ ያለውን በድንጋይ እርከን ያዙት። የሐረርጌ ገበሬ እርከን መሥራት ያውቅበታል፣ ከእሱ ተማሩ።

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን የደንገጎን ዳገት የወጣ ሁሉ አየሩ ሲለወጥ በቆዳው ያውቀዋል። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ፕላን የለም። ድሬ ዙሪያ የምትሠሩ ጥላና ነፋስ ፈልጉ፦ ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ከኮርኒሱ በላይ አየር የሚያስወጣ ክፍተት። ድሬ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ሄዳችሁ የድሮዎቹን የባቡር ቤቶችና የመንገድ ዳር ዛፎቹን ተመልከቱ፤ ያለ አየር ማቀዝቀዣ እንዴት ይኖርባቸው እንደነበር ይገባችኋል። ሐረር ወገን የምትሠሩ ደግሞ የሌሊቱን ብርድ አስቡ።

የፀሐይን ነገር በደንብ ያዙልኝ። እኛ አገር በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ። በሁለቱም ወቅት ከፍ ብላ ስለምትሄድ የጣራ ክፈፍ ይመክታታል። አንድ ሜትር የወጣ ክፈፍ በታኅሣሥ እኩለ ቀን እንኳ ከደቡቡ ግድግዳ 1.5 ሜትር ያህሉን ያጠላል። ክፈፍ የማያቆመው የጠዋቱንና የከሰዓቱን ፀሐይ ነው። ስለዚህ የቤቱ ረጅም ጎኖች ሰሜንና ደቡብን ይዩ፣ አጭሮቹ ምሥራቅና ምዕራብን። ምዕራብ በኩል ትልቅ መስኮት አታድርጉ፤ ይልቅ ዛፍ ትከሉበት።

ለግድግዳው ሩቅ አትሂዱ። የጀጎል ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ጥቂት መስኮት፣ በእንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ጣራ አላቸው። ውጪው ሲያቃጥል ውስጡ ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ) ላይ ቁጭ ብላችሁ ቀዝቀዝ ይላችኋል። ከሐረር ወጣ ብሎ ኮረሚ መንደር ያሉት የአርጎባ ቤቶችም ከዚያው ከተራራው ድንጋይ የተሠሩ ስለሆኑ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ከገደሉ አይለዩም፤ እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ ልቤ ይሞላል። እውነቱን ለመናገር የአፈር ጣራ በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋል፤ ያንን የማትችሉ ከሆነ ቆርቆሮ አድርጉ፣ ግን ከሥሩ ኮርኒስ ሳይኖር አይሆንም። በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሲሚንቶ አትለስኑ። የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ውስጡ ያለው ጭቃ ይላላል። ኖራ ይሻላል። ሲሚንቶውን ለመሠረቱ፣ ለውሃ ማጠራቀሚያውና ግንበኞች ቶፕ ታይ ቢም ለሚሉት የላይኛው ማሰሪያ አውሉት። ስምጥ ሸለቆ አጠገብ ነን፣ መሬት ይንቀጠቀጣል።

አሁን ወደ ውሃው። የሐሮማያ ሐይቅ በእኛ ዘመን ደርቆ አይተናል፤ ሐረርም ከድሬ ወገን ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ሽቅብ በሚገፋ ውሃ ነው የኖረችው። ስለዚህ ጣራችሁ ላይ የሚወርደውን ውሃ አትልቀቁት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣራ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 48,000 ሊትር ይሆናል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 38,000 ይቀራል። ቤተሰቡ በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም ለአምስት ደረቅ ወራት 15,000 ሊትር ይበቃዋል። አሸንዳውን አስተካክላችሁ ሥሩ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ ጣራውን አጥቦ እንዲያልፍ አድርጉ፣ ከዚያ አጠራቅሙ። ደግሞ አቦ፣ ሮቶውንም ጉድጓዱንም ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ! በ2014 ዓ.ም ድሬ ላይ ወባ ሲነሳ ከወረርሽኙ ጋር የተያያዘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ናት፤ እሷም በሰው በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ መራባት ትወዳለች። ሽንት ቤቱ ከውሃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከተዳፋቱም በታች ይሁን።

ነባሩን ግራርና ወይራ አትቁረጡ፣ ፕላኑ ይዙርላቸው። ለአጥር ብላችሁ ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ መጤ ዛፍ እንዳታስገቡ፤ የግጦሽ መሬት እንዴት እንደሚውጥ አፋርና ሶማሌ ያሉ አርብቶ አደሮችን ጠይቁ። ቁልቋልና እሬት ለአጥር ይበቃሉ፣ ውሃም አይለምኑም።

የግንባታ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ግንበኛ ስትፈልጉ ከዚያው ሰፈር በድንጋይ የሠራ አንድ አዛውንት ይኑርበት፣ አጠገቡም ሥራውን መማር የሚፈልግ ወጣት መድቡ። መጀመሪያ ሽንት ቤቱን ወይም እርከኑን አሠሩት፤ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ግንቡን አይታችሁ ዋናውን ቤት ስጡት።