ልብስ ማጠቢያው ብሬከር ሲያወርድ፦ ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ የላካችሁልኝን አይቻለሁ። በየተራ ልመልስ።

ከሆጤ፦ ማሽኑ ውሃ ይሞላል፣ ከበሮው ይዞራል፣ ትንሽ ቆይቶ የቤቱ መብራት ድርግም ይላል። ሰራተኛው «ብሬከሩን በትልቅ ቀይሩት» አለን። እንቀይረው?

እህቴ፣ አትቀይሪው። የወረደው «ቲ» የሚል መፈተሻ ቁልፍ ያለበት ከሆነ አር ሲ ዲ የሚባለው ነው። የሚጠብቀው የጭነት ብዛትን አይደለም። በአንዱ ሽቦ የሄደው ኤሌክትሪክ በሌላው መመለሱን ነው። የቤት ውስጡ ብዙውን ጊዜ 30 ሚሊአምፔር ቢጎድል ይቆርጣል። የጎደለው በማሽኑ አካል ወይም በሰው በኩል ወደ መሬት የሄደው ነው።

ውሃ ከሞላ በኋላ ቆይቶ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ውሃውን የሚያሞቀውን ሂተር ነው። አንዴ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቢበት። ካላወረደ ጥርጣሬው ይጠናል።

ባለሙያው ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ፣ የሂተሩን ሽቦዎች አላቆ ይለካው። 2,000 ዋት ሂተር በ220 ቮልት ሲሰላ በሁለቱ ጫፎች መካከል ወደ 24 ኦም ያሳያል። ከጫፉ ወደ ብረት አካሉ ግን መለኪያው ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ካሳየ ይቀየር። ሲወጣ ነጭ ቅርፊት የለበሰ ሂተር ታያላችሁ። ቅርፊቱ ሲፋቅ አንዳንዴ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይገኝበታል። ውሃ የገባው በዚያ ነው። መልቲሜትር የሚባለው የተለመደው መለኪያ በትንሽ ቮልት ስለሚለካ ደካማ ኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክለው ሽፋን) ሊያልፈው ይችላል። በ500 ቮልት የሚለካ ሜገር ያለው ባለሙያ ካገኛችሁ በእሱ አስለኩት።

ከኮምቦልቻ፦ የኔ የሚያወርደው ጭመቃ ላይ ሲደርስ ነው።

ወንድሜ፣ ሂተሩን ለጊዜው ተወው። ሲጨምቅ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል። ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ተፋትጎ የተላጠ ሽቦ ፈልግ። ሞተሩ ካርበን ያለው ከሆነ ብናኙ ኤሌክትሪክ ያሾልካል፤ በብሩሽ ይጠረግ። ውሃ ሲደፋ ከሆነ ግን ፓምፑ ነው የሚታየው።

ከሸዋ በር፦ ገና ስሰካው ያወርዳል፣ ማሽኑን ሳላበራው።

ገመዱን፣ መሰኪያውንና ገመዱ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ፊልተር (የውሃውን አይደለም) አስፈትሽ። ሌላ ሶኬት ላይም ሞክር። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ከሆነ በሐምሌና ነሐሴ ጉም እርጥበት ሶኬቱ ውስጥ ይገባል።

ከኮምቦልቻ፦ ልጄ፣ የሰፈር ሰው የመሬቱን ሽቦ ቆርጦ «ተስተካከለ» አለኝ። አሁን አያወርድም፣ ግን እርጥብ እጄ ሲነካው ይነዝረኛል።

እናቴ፣ ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። አሁኑኑ ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፣ ከዚያ በደረቅ እጅ ማሽኑን ይንቀሉት። ልጆች እንዳይጠጉት። ሽቦው ሲቆረጥ ብልሽቱ አልጠፋም። ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ ብቻ ተዘጋ። ያለው ቀሪ መንገድ የእርስዎ እጅ ነው! አርዙን፣ ማለትም የተቆረጠውን የመሬት ሽቦ፣ ባለሙያ ይመልሰው፤ ከውሃ ቧንቧ ወይም ከኒውትራል (ኤሌክትሪክ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር አስሮ አይሸፍነው። ብልሽቱ ሳይገኝ ማሽኑ አይሰካ።

ከፒያሳ፦ ብሬከሩ ራሱ አይበላሽም?

ይበላሻል። ሁሉንም ዕቃ ነቅላችሁ አሁንም የሚወርድ ከሆነ የግድግዳው መስመር ወይም ብሬከሩ ነው። ማሽኑ ሲነቀል ብቻ የሚቆም ከሆነም የፍሪጅና የምጣድ ጥቃቅን መፍሰስ ተደምሮ ሊሆን ይችላል፤ እነሱን ነቅላችሁ ማሽኑን ብቻውን ሞክሩ። «ቲ»ን በየጊዜው ተጫኑት። መብራት እያለ ተጭናችሁት ካልወረደ፣ ያን ጊዜ ብሬከሩን ቀይሩ።