በአሜሪካ ለቤተሰብ የጤና ኢንሹራንስ ስትመርጡ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ኑሯችንን በታክሲና በኡበር፣ በትንሽ ሱቅ ወይም ለሠራተኛው ኢንሹራንስ በማይሰጥ ሥራ የምንመራ ጥቂቶች አይደለንም። ስለዚህ የቤተሰባችንን የጤና ኢንሹራንስ ራሳችን መግዛት ይኖርብናል። ምዝገባው በተለምዶ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚከፈት በመሆኑ፣ ብዙ ሰው በመጨረሻው ሰዓት ተጣድፎ ገብቶ ወርሃዊ ክፍያው ዝቅተኛ የሆነውን ፕላን መርጦ ይወጣል። እንደ እኔ አስተያየት የቤተሰብ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ በየወሩ የሚከፈለው አረቦን የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነውና።

በማርኬትፕሌሱ፣ ማለትም መንግሥት ባቋቋመው የኢንሹራንስ መገበያያ ላይ የሚቀርቡት ፕላኖች ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም ተብለው የተከፈሉ ሲሆን፣ በአማካይ ከሕክምና ወጪው 60፣ 70፣ 80 እና 90 በመቶውን ይሸፍናሉ። ብዙዎች የማያውቁት ግን ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት ወለል 250 በመቶ ያልበለጠ ቤተሰብ ሲልቨርን ሲመርጥ ዲዳክቲብሉም (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ የሚያወጣው) ሆነ በየጊዜው ሐኪም ቤት የሚከፍለው ኮፔይ የሚቀነስለት መሆኑን ነው። ገቢው ከ150 እስከ 200 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ ያው ሲልቨር 87 በመቶ ይሸፍንለታል፤ ይህም ከጎልድ ይበልጣል። ብሮንዝ የገዛ ሰው ይህን ቅናሽ አያገኝም።

ለምሳሌ በመጪው ዓመት ልጅ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ሁለት ፕላን ቀረበላቸው እንበል፤ ብሮንዙ በወር 320 ዶላር፣ ቅናሽ ያለበት ሲልቨር ደግሞ 450 ዶላር ነው። በዓመት ሲታሰብ ብሮንዙ 3,840፣ ሲልቨሩ 5,400 ዶላር ስለሚመጣ፣ ብሮንዙን መግዛት 1,560 ዶላር የሚያተርፍ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ በብሮንዙ 9,000፣ በሲልቨሩ 3,000 ዶላር ቢሆንና እናትየው በኦፕራሲዮን ብትወልድ፣ የሆስፒታሉ ሂሳብ ሁለቱንም ጣሪያ ሊነካ ይችላል። በዚህ ጊዜ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ በብሮንዙ 12,840፣ በሲልቨሩ 8,400 ዶላር ይሆናል። በአንጻሩ ገቢው ከተጠቀሰው የ250 በመቶ ወሰን በላይ ለሆነና የዘወትር መድኃኒት ለማይወስድ ቤተሰብ ብሮንዝ መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ክትባትና የመከላከያ ምርመራ በኔትወርኩ፣ ማለትም ከፕላኑ ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ውስጥ እስከተደረገ ድረስ በየትኛውም ፕላን ያለ ክፍያ ይሰጣል።

መንግሥት አረቦኑን ለማቅለል የሚሰጠው ድጎማ የሚሰላው በዓመቱ ታገኛላችሁ ተብሎ በሚገመተው ገቢ ነው። ሾፌሮች እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለባችሁ፤ የሚፈለገው ከተሳፋሪ የተሰበሰበው ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን፣ የኩባንያው ኮሚሽንና ሕጉ የሚፈቅደው የማይል ተቀናሽ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው የተጣራ ገቢ ነው። ጠቅላላውን የሞላ ሰው የሚገባውን ድጎማ ሊያጣ ይችላል፤ አሳንሶ የሞላ ደግሞ ታክስ ሲሠራ መልስ ይባላል። ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ ቀድሞ የነበረው የመመለሻ ጣሪያ ስለተነሣ፣ በትርፍ የተወሰደው ድጎማ በሙሉ ይመለሳል። ስለዚህ ሥራ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የዓመቱን መጨረሻ ሳትጠብቁ ለማርኬትፕሌሱ አስታውቁ።

ልጆች ያላችሁ ወላጆች፣ የቤተሰቡ አባላት ሁሉ በአንድ ካርድ መታቀፍ እንደሌለባቸው ልብ በሉ። የልጆች የገቢ ወሰን ከወላጆች ከፍ ያለ በመሆኑ፣ እናትና አባት ከማርኬትፕሌሱ ሲገዙ ልጆቹ በሜሪላንድ በሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን) ሥር ባለው የልጆች ፕሮግራም፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ፋሚስ በሚባለው የግዛቱ የልጆች ፕሮግራም ሊታቀፉ ይችላሉ። ሜዲኬድ የሚለውን ስም እንደ ውርደት ቆጥረው ለልጆቻቸው ሙሉ ዋጋ የሚከፍሉ ወገኖች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም፤ ከከፈሉት ታክስ የሚመጣ መብት ነውና። ልጆቹ በግል ፕላን ውስጥ ከገቡም፣ ከ21 ዓመት በታች ካሉት አረቦን የሚታሰበው ለሦስቱ ታላላቆች ብቻ ነው፤ አራተኛውና አምስተኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሸፈናሉ።

ከመወሰናችሁ በፊት የልጆቻችሁ ሐኪም ቢሮ ደውሉ። የኢንሹራንስ ኩባንያውን ስም ብቻ ጠርታችሁ «ትቀበላላችሁ ወይ?» ብትሉ አዎ መባላችሁ ብዙ አይጠቅምም፤ አንድ ኩባንያ በርካታ ኔትወርኮች ሊኖሩት ስለሚችሉ የፕላኑን ሙሉ ስም ከነዓመቱ አንብቡላቸው። የራሱ ሐኪሞችና ማዕከላት ያሉትን የኢንሹራንስ ድርጅት ካይዘርን የሚመርጥ ቤተሰብ ከድንገተኛ ሕክምና በቀር በዋናነት በራሱ ማዕከላት እንደሚታከም አውቆ ይግባ፤ ማዕከሉ ለቤቱ ቅርብ ለሆነ ሰው ይህ ምቹ ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ካለም፣ መድኃኒቱ በፕላኑ ዝርዝር ውስጥ በየትኛው የክፍያ ደረጃ እንዳለ ተመልከቱ።

በስልክ እየደወሉ እጅግ ርካሽ ፕላን የሚያቀርቡ ሻጮችን ግን አትቸኩሉላቸው። የ2010ሩ ሕግ፣ ማለትም ኦባማ ኬር፣ ነባር ሕመም ያለበትን ሰው መከልከልን ቢያግድም፣ የአጭር ጊዜ ፕላኖች በዚህ ሕግ አይገደዱም። በሃይማኖት ስም የሚቋቋሙት የወጪ መጋሪያ ማኅበራትም እንደ ዕድራችን በአባላት መዋጮ የቆሙ ናቸው እንጂ ኢንሹራንስ አይደሉም፤ ሂሳባችሁን የመክፈል ሕጋዊ ግዴታም የለባቸውም። በማርኬትፕሌሱ የተመደቡ ናቪጌተሮች፣ ማለትም የምዝገባ አማካሪዎች፣ በነጻ ይረዷችኋል፤ አስተርጓሚም ለመጠየቅ አትፈሩ። በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ከሚያካትታቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

የምዝገባው ጊዜ ካለፈ በኋላ ልጅ ከተወለደ፣ ከተጋባችሁ ወይም የሥራ ኢንሹራንስ ከተቋረጠ 60 ቀን ይሰጣችኋል። በማንኛውም ጊዜ ብትመዘገቡ ግን የመጀመሪያው ወር አረቦን ካልተከፈለ ሽፋኑ አይጀምርም፤ በፖስታ የሚመጣውን የማስረጃ ጥያቄም ሳትከፍቱ አታስቀምጡ።