ስኳር ያለባት እናቴ ለጾምና ለጸበል ብላ መድኃኒቷን ትተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናቴ 62 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ለስኳሩ ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ አምሎዲፒን ትወስዳለች። ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። አሁን ኮሮናን ስለ ፈራች ጸበል ልግባ ብላ ተነሥታለች፤ አብረዋት የሚሄዱት ሴቶች ግን «መድኃኒት እየዋጡ መጠመቅ እምነት ማጉደል ነው» ብለዋታል። የኮሮና ክትባቱንም «በጾም አልወጋም» ትላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ መድኃኒታቸውን አያቁሙ። ጸበሉንም አትከልክያቸው።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ለሞት በደረሰ ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ይህ ከተነገረው በኋላ ግን ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ ቁስሉ ላይ አስደረገለት (2ኛ ነገሥት 20)። ቅደም ተከተሉን ልብ በዪ፤ የፈውሱ ተስፋ ከተሰጠ በኋላ ነው መድኃኒቱ የመጣው። ነቢዩ በለሱን ያዘዘው ተስፋውን ተጠራጥሮ አይደለም። ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። በኤችአይቪ ዘመን ብዙዎች መድኃኒታቸውን ጥለው ወደ ጸበል ሲሄዱ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑና እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናግረዋል። እነዚያ ሴቶች በቅንነት ተናግረው ይሆናል፤ የተናገሩት ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም።

አሁን እኔን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ነው፤ ምግብ ይምጣ አይምጣ ሥራውን ይሠራል። እናትሽ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልቀመሱ፣ አምስትና ስድስት ሰዓት ላይ ስኳራቸው ይወርዳል። ያን ጊዜ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ልባቸው ይመታል፣ ቃላቸው ይዘበራረቃል፣ አንዳንዴም ይቆጣሉ ወይም ይጮኻሉ። ይህ ጸበል ቦታ ላይ ቢሆን ዙሪያቸው ያለው ሰው «መንፈሱ ተነሣ» ብሎ ውኃ ያፈስባቸዋል፤ የሚያስፈልጋቸው ግን ስኳር ነው። ስለዚህ ጣት ተወግቶ የሚለካውን መሣሪያ በቦርሳሽ ያዢ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መሣሪያ ከሌለና ምልክቱ ካለ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ አጠጪያቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ እንደገና ስጪ፤ ሲስተካከል ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አይግባ፤ ጸበሉም ቢሆን ወደ ሳንባ ይገባልና። በጎናቸው አስተኝተሽ በፍጥነት ወደ ሐኪም ውሰጃቸው።

ሜትፎርሚን ለብቻው ስኳርን እንዲህ አይጥልም። ሰዓቱንና መጠኑን ግን ሐኪማቸው ይቀይር እንጂ አንቺም እኔም አንቀይርም። የግፊቱ ክኒን ሲቋረጥ ደግሞ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ግፊቱ ይወጣል፤ ከዚያ ሊመጣ የሚችለው አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ወይም የልብ ድካም ነው።

«ታዲያ ጾማቸውስ?» ትዪኝ ይሆናል። ጾም ሁለት ነገር አለው፤ ከጥሉላት መከልከልና ሰዓት መጠበቅ። እናትሽ ሰዓቱን ይተዉ፤ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ይጹሙ። ፍትሐ ነገሥትም የጾምን ሕግ ሲደነግግ ለሕሙማን ያዝናል። ጠዋት ከመድኃኒታቸው በኋላ ግማሽ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ ቢበሉ ጾማቸው አልፈረሰም። ይህን ግን ከንስሐ አባታቸው አፍ ይስሙት፤ ከልጅ አፍ ሲሰሙት ማባበል ይመስላቸዋል። ለመቍረብ የሚጾመውን 18 ሰዓትም እንዴት እንደሚያደርጉ የሚወስኑላቸው እርሳቸው ናቸው።

ጸበል ሲሄዱ መጠጫ ኩባያቸውን ከቤት ይያዙ፤ አንዱ ጣሳ ከአፍ ወደ አፍ አይዙር። በተጣበበ ቤት ከመጠመቅ ሜዳ ላይ ያለውን ይምረጡ። ጭምብል ከረጠበ አያገለግልም፤ ሁለትና ሦስት ትርፍ በፌስታል ይያዙ። ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው አለ፤ ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል። በባዶ እግር በጠጠር ላይ ሲረግጡ ቢቆስሉ አይሰማቸውም። ከተጠመቁ በኋላ በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር አድርቂላቸው፤ ውስጥ እግራቸውንም በዐይንሽ ፈትሺ።

ክትባቱ ሀገራችን ውስጥ መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ከሚቀድሙት መካከል ነበሩ። በክንድ ጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ምግብ አይደለም፤ ጾም አያፈርስም። ለአንድ ሁለት ቀን ክንዳቸውን ሊያማቸው፣ ሊያተኩሳቸው ይችላል፤ በእነዚያ ቀናት በደንብ ይጠጡ፣ ስኳራቸውንም ደጋግመሽ ለኪ።

በኮሮና ከታመሙ ደግሞ በጎረቤት ወሬ ዴክሳሜታሶን የሚባለውን መድኃኒት ገዝተሽ እንዳትሰጫቸው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የወጣው ጥናት በቀን 6 ሚሊግራም እስከ 10 ቀን ሲሰጥ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት ሞትን በሦስተኛ እጅ እንደ ቀነሰ አሳይቷል፤ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልተገኘበትም። በዚያ ላይ የስኳር ሕመምተኛን ስኳር ሽቅብ ይሰቅለዋል።

በጣት ላይ የሚገባውን የኦክስጅን መለኪያ ከገዛሽ፣ ሂና ወይም የጥፍር ቀለም በሌለበት፣ በሞቀ ጣት፣ አምስት ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ ለኪ፤ ቁጥሩ እስኪረጋም ጠብቂ። ከ94 በታች ከሆነ ሐኪም ጋ፣ ከ90 በታች ከሆነ ሳትውዪ ሆስፒታል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት መሣሪያው 92 እስከ 96 ካሳያቸው መካከል የደማቸው ኦክስጅን በእውነት ከ88 በታች የነበሩት ከጥቁሮች 11.7 በመቶ፣ ከነጮች 3.6 በመቶ እንደ ሆኑ አግኝቷል። ማለትም በእኛ ቆዳ ላይ ቁጥሩ ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ትንፋሻቸው ካጠረ «94 ይላል» ብለሽ አትቀመጪ።

በዚህ ሳምንት እናትሽን ይዘሽ ወደ ንስሐ አባታቸው ሂጂ። የመድኃኒቶቹን ካርቶንም ይዘሽ ሂጂ፤ የትኛው በባዶ ሆድ እንደማይዋጥ በእጅሽ አሳዪያቸው።