ሂሳቧ ሳይዘጋ ኹሩጅ እንዳይወጣላት

ሰላም እህቴ። ታናሽሽ ሪያድ የዘጠኝ ወር ደመወዝ እንዳልተከፈላት፣ ኤጀንሲውም «መጀመሪያ ትምጣ፣ ብሩ ከኋላ ይደርሳል» እንዳላችሁ ጽፈሽ ምን ላድርግ ብለሻል። እኔንም በዚችው ቃል ነው የሸኙኝ። ስለዚህ ሌላውን ትቼ ዋናውን ልንገርሽ።

1. ሂሳቧ ሳይዘጋ ኹሩጅ (ከሳውዲ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ) አይውጣላት፣ ምንም ዓይነት የዓረብኛ ወረቀትም እንዳትፈርም። ዱላ ወይም ሌላ አደጋ ካለባት ግን ብሩን እርሺው፣ ነፍሷ ትቅደም፤ ዛሬውኑ ለኤምባሲ አሳውቂ። አደጋ ከሌለ ከቤት እንዳትጠፋ ምከሪያት። ከጠፋች አሠሪዋ ሁሩብ፣ ማለትም «ከሥራ ጠፍታለች» የሚል ክስ ያስመዘግቡባታል፣ ያኔ ከሳሽ መሆኗ ቀርቶ ተፈላጊ ትሆናለች።

የወረቀቱን ነገር የምደጋግመው አለምክንያት አይደለም። እኔ በ2011 ሄጄ በ2013 ስመለስ፣ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ በር ላይ ቆሟል፣ ፓስፖርቴና ቲኬቴ ማዳም ቦርሳ ውስጥ ናቸው። አንዲት ገጽ አመጡ። ሹፌሩ የቀለሙን ሳጥን ከፍቶ አውራ ጣቴን ያዘና እሱ ራሱ ጫነው። «ሙሉ ደመወዜን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም» የሚል ነበር። ትርጉሙን የሰማሁት አዲስ አበባ ኤጀንሲው ቢሮ ገብቼ ሥራ አስኪያጁ ኮፒውን ሲያሳየኝ ነው። በዋትስአፕ ከእኔ ቀድሞ ደርሶት ነበር።

2. «እኛ አገናኝ ብቻ ነን» ሲሉሽ እንዳትቀበይ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ኮንትራቱ ሲጣስ ኤጀንሲውና አሠሪው በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ ናቸው። ማዳምን ሪያድ ድረስ ሄደሽ መክሰስ አይጠበቅብሽም ማለት ነው። ኤጀንሲ ፈቃድ ሲያወጣ በዝግ ሂሳብ ዋስትና ያስይዛል፤ አዋጁ ሲወጣ ልኩ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ያ ገንዘብ የተቀመጠው እንደ እህትሽ ላለ ሰው ነው። ይህን ስታነሺባቸው የድምፃቸው ቃና ይለወጣል፣ እኔ አይቼዋለሁ።

3. ሁሉንም በጽሑፍ አድርጊ። ማመልከቻ በሁለት ኮፒ፣ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥርና ማህተም ያርፍበታል፣ ያንን ይዘሽ ትወጫለሽ። እኔ ይህን የለመድኩት አንድ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሠራተኛዋ ማመልከቻዬን ሳታነብ «ፈርመሽ መጥተሽ ደግሞ ምን ትፈልጊያለሽ? እናንተ ዓረብ አገር ደርሳችሁ ስትመጡ ሰው አያስቀምጥም» አለችኝ፣ ሰው በተሰለፈበት። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ግን ማህተሙን ሳታሳርፍልኝ ከመስኮቱ አልተነሳሁም።

ጉዳዬን ያዳነው እዚያው ኮሪደር ላይ የተገኘ ነገር ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች በዚያው ኤጀንሲ የሄዱ ነበሩ። አንዷ ወረቀቷን አወጣች፣ የእኔው ነው። ሌላዋም አወጣች። አሠሪዎቻችን የማይተዋወቁ፣ አንዷ ጅዳ፣ አንዷ ደማም፣ ጽሑፉ ግን ቃል በቃል አንድ፤ ስምና ቀን ብቻ በእስክሪብቶ ተሞልቷል። ወረቀቱን ያዘጋጀው ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? አንድ ላይ ሆነን አመለከትን። የሐዋላ ደረሰኞቻችንን አያያዝን፤ ብር መላክ ያቆምንበት ወር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማዳም «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር» እያሉ የላኩልኝ የድምፅ መልእክትም ነበረኝ፣ ከመምጣቴ ጥቂት ቀን በፊት የተላከ። ሥራ አስኪያጁ ያን ቀን ቀና ብሎ አላየንም።

ከፈሉ። ግን ልብ በይ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ደመወዙን በሠራሁበት ጊዜ ምንዛሪ አስልተው በብር ሊሰጡኝ ሞከሩ። ኮንትራቴ ላይ ያለው 1,000 ሪያል ነው፣ ብር አይልም። በሚከፈልበት ቀን ምንዛሪ ካልሆነ አልፈርምም አልኩ፣ በዚያው ተከፈለኝ። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይህ ነገር የበለጠ ያስጎዳል፣ ስለዚህ ማመልከቻሽ ላይ የሚጠየቀውን በሪያል ጻፊ።

ከዚያ በኋላ ነው የሌሎቹን ልጆች ጉዳይ መያዝ የጀመርኩት። ገና ጠበቃ ያልያዙ፣ ማንበብ የሚከብዳቸው፣ ቢሮ መግባት የሚፈሩ ልጆች አሉ፤ አብሬያቸው እሰለፋለሁ። የደመወዙ ነገር ብቻ አይደለም። ያንን ወረቀት የሚያዘጋጅ ኤጀንሲ ፈቃዱ እስኪነሳ ድረስ ገንዘቡን መክፈሉ አይበቃኝም፣ አሁን የምንከራከረው በዚህ ነው።

አንቺ በዚህ ሳምንት የምታደርጊው፦ እህትሽ መውጣት ከቻለች ሪያድ ኤምባሲያችን ሄዳ ውክልና ትስጥሽ፤ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ካላለፈ ግን ዋጋ የለውም። ኮንትራቷን ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። ሳውዲ ከሰኔ 2016 ጀምሮ ለአዳዲስ ኮንትራቶች የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በባንክ ወይም በዲጂታል ዋሌት እንዲከፈል ስላስገደደች፣ የእሷ ከዚያ በኋላ ከሆነ ባዶ የሆነው ሂሳብ ራሱ ይመሰክርላታል። ከማዳም የሚመጣ የድምፅ መልእክት አንዱም እንዳይጠፋ፣ ወደ አንቺ ታስተላልፈው። የኮንትራቱን የመጀመሪያ ገጽ የፓስፖርት ቁጥሯን ሸፍነሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ኤጀንሲው የማውቀው ከሆነ ሌሎቹን ልጆች አገናኝሻለሁ።