ወገቡ ላይ ክፍተት የተወ ባይንዲንግ

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የተላከ ጥያቄ፦ «ጎኑና ጀርባው ዋንዛ የሆነ ጊታር እየሠራሁ ነው፤ አንገቱ ገና አልገባም። 2 ሚሊ ውፍረት ያለው የወይራ ባይንዲንግ (የጊታሩን ጠርዝ ዙሪያውን የሚከብ ቀጭን እንጨት) ከጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር ፐርፍሊንግ (ከባይንዲንጉ ጎን የሚሄድ ስስ የጌጥ መስመር) ጋር በኮላ ለጥፌ በወረቀት ፕላስተር አሰርኩት። በማግስቱ ኮምቦልቻ ይዤው ወርጄ ስፈታው፣ በጀርባው በኩል ወገቡ ላይ 1 ሚሊ የሚሆን ክፍተት አገኘሁ። ሌላው ቦታ ደህና ነው። ሙቀቱ ይሆን? በእንጨት ብናኝና በኮላ ልሙላው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሙቀቱ አይደለም። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ይሞቃል፤ እንጨት ሲደርቅ የሚኮማተረው ግን በወርዱ ነው፣ በርዝመቱ ለውጡ ኢምንት ነው። ክፍተቱ ወገብ ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የመጣው ከኮላው በፊት፣ ወይራው ሲታጠፍ ነው። ቅርጹን በደንብ ያልያዘ ወይራ ቀጥ ማለት ይፈልጋል፣ የወረቀት ፕላስተር ደግሞ ብቻውን ያንን ጉልበት አይችለውም።

በብናኝ አትሙላው። ከ0.2 ሚሊ በታች ለሆነ ስንጥቅ ያስኬዳል፤ 1 ሚሊ ግን ቫርኒሽ ሲቀባ ጠቁሮ ለዘለቄታው ይታያል። በሞርሳ ገፍተህ ልታስገባውም አትሞክር። ወይራው አሁን ወገቡን በአቋራጭ ነው የተሻገረው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ መንገዱ በግማሽ ሚሊ ያህል ይረዝማል። ሁለቱም ጫፍ ተጣብቆ ያ ርዝመት ከየትም አይመጣም፣ ትርፉ መሰበር ነው።

ስለዚህ ከወገቡ ጀምረህ እስከ አንገቱ ጫፍ ድረስ ፍታው። ከታች በኩል ያለውን መገጣጠሚያ አትንካ፤ የሚጎድለው ግማሽ ሚሊ አንገቱ ሲገባ ተረከዙ (አንገቱ ከጊታሩ አካል ጋር የሚገናኝበት ወፍራም ጫፍ) ሥር ይደበቃል። ስስ ቢላ አግለህ በወይራውና በፐርፍሊንጉ መካከል ቀስ እያልክ አስገባ፣ ሲበርድ መልሰህ አግለው። ካውያ ባታስጠጋ ይሻላል፣ የጀርባውንም ኮላ ሊያላቅቀው ይችላል። ፐርፍሊንጉ ከቦዩ (ለባይንዲንጉ ጠርዙ ላይ ከተቆፈረው መቀመጫ) ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከሆነ እንዳለ ተወው። ውኃም አታስነካው፣ ጥቁሩ ቀለም ወደ ነጩ ይሰርጋል።

ከዚያ የደረቀውን ኮላ ከቦዩም ከወይራውም በመሮ ፍቀህ ጨርስ፤ አዲስ ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ አይዝም። ወይራውን በትንሹ አርጥበህ፣ የውኃ ጠብታ ሲነካው ፈልቶ በሚዘል የጋለ ቱቦ ላይ አጥፈው። እጥፋቱ ከጊታሩ ወገብ ጥቂት ይጥበቅ። መለኪያው ይህ ነው፦ ያለ ኮላ ቦዩ ውስጥ ስታስቀምጠው ወገቡ በአንድ ጣት ግፊት ብቻ ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት። ሁለተኛ ጣት ካስፈለገው ወደ ቱቦው መልሰው። እዚህ ላይ የሚጠፋ ግማሽ ሰዓት ኋላ ሁለት ቀን ያተርፋል።

ከመለጠፍህ በፊት ቦዩንም በትንሽ ስኳድራ ፈትሸው። ጀርባው ጎበጥ ያለ ስለሆነ ትሪመሩ (ቦዩን የሚቆፍረው ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) በጉብታው ላይ ተቀምጦ ይጋደላል፣ ቦዩም አብሮ ይዘማል። እንዲህ ያለ ቦይ ውስጥ የገባ ባይንዲንግ ሲፋቅ በአንዱ ጠርዝ 2 ሚሊ፣ በሌላው 1 ሚሊ ሆኖ ይቀራል። ለሚቀጥለው ጊታር ከትሪመሩ ሥር ጎኑን ተደግፎ የሚሄድ ጠባብ ቁም ጣውላ እሰርለት። የትሪመሩ ኩሽኔታ የሚሄድበትንም ጎን አስቀድመህ አስተካክል፤ ኩሽኔታው የጎኑን እብጠት ሁሉ ቦዩ ላይ ይገለብጠዋል።

ሲለጠፍ ኮላው ስስ ይሁን፣ ፕላስተሩ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ። ወገቡ ላይ ግን ቅርጹን የያዘ የእንጨት ድጋፍ ቁረጥ፣ እንዳይጣበቅ በፌስታል ሸፍነው፣ ከዚያ ዙሪያውን በብስክሌት ከመነዳሪ ጠምጥም። ድጋፉ ከሌለ ከመነዳሪው ከላይኛው ጉብታ ወደ ታችኛው እንደ ድልድይ ይሻገርና ወገቡን ጭራሽ አይነካውም። የደሴ ሌሊት ሲበርድ ሥራውን ሞቅ ያለ ክፍል አሳድረው፤ ኮላው ነጭ ዱቄት መስሎ ከደረቀ ብርድ መትቶታል፣ ጉልበት አይኖረውም።

ከ24 ሰዓት በኋላ ፍታው፣ ለመፋቅ ግን ሦስት አራት ቀን ቆይ። የኮላው እርጥበት እንጨቱን ያሳብጠዋል፤ እንዳበጠ ከተፋቀ ሲደርቅ ከጀርባው ዝቅ ብሎ ይቀራል።