የባለቤቴን ልብስ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ቆየ፣ ቁም ሳጥኑ ግን እንዳለ ነው። ልጆቼ ስጪው እያሉ ይጨቀጭቁኛል፣ እኔ ደግሞ ኮቱን አነሳና አንገቱ ጋ ያለውን ወዝ ሳይ መልሼ እሰቅለዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጆችዎ ክፋት የላቸውም ግን ቀኑን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ብቻ ከኮቱ አይጀምሩ! ካልሲው፣ ያረጀው ቻርጀር፣ የተሰበረው መነጽር፣ እነዚህ ቶሎ ይሄዳሉ እጅም ያለማምዳሉ፣ ኪስ ሳይፈትሹ ግን ምንም እንዳይሰጡ። ፎቶዎቹን በ600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አስደርገው ለልጆቹ ይላኩ፣ ኦሪጅናሉን ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቁት፣ ደግሞ ባለቤትዎ የላኩልዎት ቮይስ ካለ ስልኩ ሳይበላሽ ኮፒ ያስደርጉ (ይሄን ስንቱ ረስቶት ተቃጥሏል)። ኮቱንማ ያስቀምጡት፣ አንድ ኮት ቤት አያጣብብም። የቀረውን ብል ሳይበላው ለሚለብሰው ሰው ይስጡት፣ ሲችሉ።