ቁልፍ አቀባዩ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ወጣት ኢንጂነር “ጋሼ፣ ሰው ከኃላፊነት መቼ ነው መውረድ ያለበት?” ብላ ጠየቀችኝ። ስለ አለቃዋ እንደሆነ ገብቶኛል። መልስ ግን ለጊዜው አጣሁ።

መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ አቶ ተወልደ ገብረማርያም ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ መርተው፣ መጋቢት 2014 ላይ በጤና ምክንያት ጡረታ ጠይቀው ወጡ። በእሳቸው ዘመን ድሪምላይነር የተባለው የቦይንግ አውሮፕላን ገባ። በ2011 ደግሞ 157 ሰው ያለቀበት አደጋ ደረሰ። በኮሮና ጊዜ የመንገደኛ አውሮፕላን ወንበሩ እየተነቀለ ዕቃ ተጭኖበታል። እንዲህ ያለ ሰው ታሞ ሲወጣ ቤቱ ይናጋል ብዬ ነበር። አልተናጋም። የተተኩት አቶ መስፍን ጣሰው እዚያው ቤት በጥገናው በኩል በኢንጂነርነት የጀመሩ፣ ከፍ ባለ ኃላፊነትም ለዓመታት የሠሩ ናቸው። ዜናውን ስሰማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁ። እኔ የታመምኩ ጊዜ የሆነው ሌላ ነው።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ኃላፊ ነበርኩ። ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠውን ቦይለር እንደ ልጄ ነው የማውቀው። የትኛው ቫልቭ እንደሚያንጠባጥብ፣ ፓምፑ ሲደክም ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ሁሉንም በአንዲት ሰማያዊ ደብተር ጽፌ ቱታዬ ኪስ ውስጥ እይዛታለሁ። ለማንም አላሳያትም። አንድ የመንዝ ልጅ ረዳት ነበረኝ። እጁ ወርቅ ነው። “ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ልፍታው?” ይለኛል። “አንተ ቁልፍ አቀብለኝ” እለዋለሁ። ስድስት ዓመት ቁልፍ አቀበለኝ። ሠራተኛው ስሙን ትቶ “ቁልፍ አቀባዩ” ይለው ጀመር። ሰምቼ ዝም አልኩ።

አንድ ታኅሣሥ፣ ውርጩ ውኃ በቧንቧ ውስጥ በሚያረጋበት ሰሞን፣ ታይፎይድ ጣለኝ። ሆስፒታል በገባሁ በሦስተኛው ሌሊት ቦይለሩ ቆመ። ፋብሪካው አራት ቀን ሥራ ፈታ። በመጨረሻ አልጋዬ ድረስ መጡ። ልጁም ጋቢውን ደርቦ ከኋላ ቆሟል። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠኝ የቫልቩን ቅደም ተከተል ነገርኩት። እሱ በሲጋራ ካርቶን ላይ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ያዘነልኝ ይመስል ነበር።

ደብተሯ ያኔ የት እንደነበረች ታውቃላችሁ? ትራሴ ሥር። አውጥቼ አልሰጠሁትም።

ድኜ ስመለስ ልጁ ለቋል።

የዛሬ ልጆች ስድስት ወር ሳይሞላችሁ ሥራ ትቀይራላችሁ። እጅ የሚፈታው በመቆየት ስለሆነ ይሄ መቀያየር አይዋጥልኝም። ያቺን ኢንጂነርም “ትንሽ ታገሺ” ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ያን ልጅ ሳስበው፣ በሁለተኛው ዓመት ቢሄድ ይሻለው ነበር እላለሁ። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦ አለቃሽ ስንት ዓመት ተቀመጠ ብለሽ አትቁጠሪ። እሱ አጠገብሽ እያለ አንቺ በእጅሽ የፈታሽው ነገር አለ ወይ? ካለ ቆዪ። ከሌለ ጠይቂው፤ እንቢ ካለ ሂጂ። አንቺም ነገ አለቃ ስትሆኚ፣ ደህና ሆነሽ ቢሮ እያለሽ ለአንድ ሳምንት ሥራውን ለሌላ ሰው ልቀቂለት። ሳይቆም ከሄደ መውረጃሽን በራስሽ ጊዜ ትመርጫለሽ። እኔን በሽታ ነው የመረጠልኝ።

ከዓመታት በኋላ ልጁን ደብረ ሲና አገኘሁት። ከጣርማ በር ቁልቁለት ወርደን መኪናው ለምሳ ሲቆም ነው። የራሱ ጋራዥ አለው። ተሳለመኝ፣ ምሳ ጋበዘኝ። ሁለት ልጆች አብረውት ነበሩ፤ ሞተር እየፈቱ የሚማሩ ናቸው። ስንለያይ “ጋሼ፣ ያቺ ደብተር አለች?” አለኝ።

“አለች” አልኩት። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ፋብሪካው ያንን ቦይለር ከቀየረው ቆይቷል። ደብተሯ አሁንም ኮመዲኖዬ ውስጥ ናት።